የዓርብ ማታ ማብሪያ

እጃቸውን ጭነው በሽበታችን ላይ፣
«ብርሃን ሁኑ» ብለው ሸኙን ከሆሳዕና፤
እኔ ስልሳ አራት፣ ሎምባሞ ሰባ አንድ፣
በስተርጅና ዘመን ለአዲስ ጎዳና።
ሁለት ሻንጣ ያዝን፣ ሦስት መነጽር፣
አንድ የአስም መንፊያ፤ እሱም ሊያልቅ ሲል።

አራድ ነፋስ ናት።
በምድረ በዳው ከንፈር ላይ ተቀምጣ
ከገመድ ላይ አንሶላ የምትነጥቅ፣
በቁልፍ ቀዳዳ አቧራዋን አሾልካ
ከእኛ ቀድማ ወንበራችን ላይ የምትቀመጥ።
ባለቤትየው ቁልፉን ሲሰጠን «አየሯ» አለ፣
«ለአስም ፍቱን ነው፤ ሰው ከሩቅ ይመጣላታል።»
ሎምባሞ ደረቱን ነፍቶ ሳበ።
እኔም በሆዴ፦ አይ የጌታ ነገር፣
ለነፍስ ልኮን በሳንባ ጀመረ!

ስልሳ ስምንት ደረጃ፣ እስከ አራተኛው ፎቅ።
እሱ ይጸልያል፣ እኔ እቆጥራለሁ፤
ሦስተኛው ላይ ስደርስ እኔም እጸልያለሁ።

ሌሊት አሥር ሰዓት፣
ወደ ጨው ባሕር የሚወርደው አውቶቡስ
የኤርትራ ልጆችን ከየጥጉ ይለቅማል፤
አንሶላ አጣቢ፣ ድስት ፈጊ፣ የሰው ክፍል ጠራጊ።
ከመውረዳቸው በፊት በራችን ይንኳኳል፤
ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ውስጥ ልጅ።
ሎምባሞ ስብከት ሊጽፍ ሲቀመጥ
የፍሬወይኒ ትንሿ ጭኑ ላይ ታሸልባለች፤
እንዳትነቃ ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።
ሦስት መስመር ጽፏል። ሦስተኛው አላለቀም።

በየሦስት ወሩ ቅጽ ይመጣል ከአገር ቤት፦
ስንት አመኑ? ስንት ተጠመቁ?
ሎምባሞ በሳጥኑ ውስጥ ሰረዝ ይሰርዛል፣
በጎኑ በደቃቁ፦ ጸልዩልን።
ስምንት ልጆች አፍንጫ መናፈጥ ቻሉ
የሚል ሳጥን የለውማ።

አንድ ቀን ፖስታ ሣጥናችን ላይ
ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ።
የፍሬወይኒ ትልቋ አነበበችልኝ፦
«ከሚስዮናውያን ተጠንቀቁ ይላል፣ እማማ።
ስማችሁም አለ። ሎምባሞ። እታፈራሁ።»
እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ
ስማችንን ሳይሳሳት የጻፈ የመጀመሪያው ሰው!

ከሥራችን የሚኖረው ፊሼል ይሆን? አላውቅም።
ጥቁር ካፖርት፣ የፀጉር ባርኔጣ፤
ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።
ማክሰኞ ማታ ስንዘምር
ለእሱ ብለን በሹክሹክታ እንዘምራለን፤
ሃሌ ሉያን በሹክሹክታ ሞክሩት እስቲ።

ከዚያ አንድ ዓርብ ማታ፣
ብርዱ አጥንት ሲቆጥር፣ በሩ ተንኳኳ።
ፊሼል ነው። ባርኔጣ የለውም።
«ቤታችን» አለ፣ «ጨለማ ነው።»
ቆመ። ሌላ ቃል አልጨመረም።
ሰንበት ነው፤ አብራልኝ ማለት አይችልም፣
ማብራትም አይችልም።
ከታች ግን በደረጃው ቀዳዳ
የሕፃን ሳል ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤
ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ።
ያንን ፉጨት ባሌ በስሙ ያውቀዋል።

ጋቢውን እንዳጣፋ፣ በባዶ እግሩ ወረደ።
ቆጣሪውን በመዳፉ ዳሰሰ። ቀጭ።
የእንፋሎት ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ።
እኔ ከላይ ተደግፌ የማየው
ከበሩ ሥር የሾለከ ቢጫ መስመር ብቻ።
ፊሼል አመሰግናለሁ አላለም፤
ሳሉ እስኪረግብ ድረስ ግን
ሁለቱ ሽማግሌዎች ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፣
አንዱ ግድግዳውን፣ አንዱ ጣሪያውን እያዩ።

እያለከለከ ሲመለስ ጠየቅሁት፦
«ነገርከው?»
«ምኑን?»
ዝም አልኩ። ገባው።
«ማብሪያው» አለኝ፣ «ከበሩ በስተቀኝ ነው።
ትንሽ ጠበቅ ይላል።»

ቢጫው ወረቀት ዛሬም አለ፤
ፀሐይ ጫፉን አንጥታዋለች።
ሎምባሞ ግን ዓርብ ዓርብ ሲመሽ
ጫማውን አፉን ወደ ደረጃው አዙሮ
ይተኛል፤ አንድ ጆሮው ወለሉ ላይ።